ሚስትራስን መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደቡብ ግሪክ፣ ተራራ ጥግ ላይ ስላለችው የቢዛንታይን ከተማ ፍርስራሽ ስለ ሚስትራስ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምጽፈው በተለይ አቴንስ ድረስ መጥቶ፣ አክሮፖሊስን አይቶ፣ አንድ ደሴት ዞሮ ለሚመለስ ወገኔ ነው። ከዚያ ጉዞ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ቀንሳችሁ ለዚህች ከተማ ስጧት።

ሚስትራስ የት ናት? ጥንታዊቷ ስፓርታ ማለት እሷ ናት እንዴ?

አይደለችም። ጥንታዊቷ ስፓርታ ሜዳው ላይ ነበረች፤ ዛሬም ስፓርታ የሚባለው ከተማ ያለው እዚያው ነው። ሚስትራስ ከስፓርታ በስተምዕራብ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነው በታይጌቶስ ተራራ ሥር ካለ ሾጣጣ ኮረብታ ጎን ላይ የተሠራች የመካከለኛው ዘመን ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ከሺህ ዓመት በላይ ልዩነት አለ። ግን ጨርሶ አይተዋወቁም ማለት አይደለም፤ የሚስትራስ ግንበኞች ከታች ከጥንቷ ከተማ የተጠረበ ድንጋይና ዓምድ እያመጡ ቤተ ክርስቲያን ሠርተውበታል።

ማን ሠራት? ለምንስ ባዶ ቀረች?

ኮረብታው አናት ላይ ያለውን ምሽግ በ1249 ያሠራው ፈረንሳዊው መስፍን ዳግማዊ ጊዮም ደ ቪልአርዱዋን ነው። የመስቀል ጦረኞች በ1204 የቢዛንታይን (የምሥራቅ ሮም) መንግሥት ዋና ከተማ የነበረችውን ቁስጥንጥንያን፣ የዛሬዋን ኢስታንቡል፣ ከያዙ በኋላ ግሪክን ተከፋፍለው ይገዙ ነበር፤ ሚስትራስ ያለችበት የደቡብ ግሪክ ልሳነ ምድር፣ ፔሎፖኔዝ፣ የደረሰው ለእሱ ቤተሰብ ነበር። ነገር ግን በ1259 በፔላጎኒያ ጦርነት ተማረከ፤ ነፃ ለመውጣትም ምሽጎቹን ለቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለሚካኤል 8ኛ ፓሊዮሎጎስ አስረከበ። ሚስትራስ አንዷ ነበረች። ከዚያ የሜዳው ሕዝብ ከለላ ፍለጋ ወደ ምሽጉ ሥር እየወጣ ቤቱን ሠራ፣ ጳጳሱም መንበሩን ወደዚያው አዛወረ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኮረብታው ጎኑ ሁሉ ከተማ ሆነ።

ከ1349 ገደማ ጀምሮ የአካባቢው ገዢ፣ ዴስፖት የሚሉት፣ መቀመጫው እዚህ ሆነ። ዴስፖቱ ብዙ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ወይም ወንድም ነው። ቁስጥንጥንያ እየደከመች ስትሄድ ሠዓሊውም፣ ሊቁም፣ የቤተ ክርስቲያን አሠሪውም እዚህ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ የምናያቸው ሥዕሎች የተሠሩት በዚያ ዘመን ነው።

በ1460 ዴስፖት ዲሜጥሮስ ከተማዋን ለኦቶማኑ ሱልጣን ለዳግማዊ መሐመድ አስረከበ። ያ ግን የከተማዋ ሞት አልነበረም። ከ1687 እስከ 1715 ቬኒሶች ያዟት፣ ሐር እያመረተች ነገደች፣ ሕዝብም በዛባት። የጎዷት በኋላ የመጡት ናቸው። በ1770 ግሪኮች በኦቶማን ላይ ሲያምፁ ከተማዋ ተዘረፈች፤ በ1825 ደግሞ የግብፁ ኢብራሂም ፓሻ ጦር አቃጠላት። ግሪክ ነፃ ወጥታ በ1830ዎቹ አዲሲቱ ስፓርታ ሜዳው ላይ ስትቆረቆር ነዋሪው ወደዚያ ወረደ። የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች የወጡት ግን በ1950ዎቹ ነው፤ ስለዚህ ፍርስራሹ ውስጥ ስትሄዱ ያ ሁሉ ቤት ከቢዛንታይን ዘመን ነው ብላችሁ አታስቡ። ከ1989 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

ከአቴንስ እንዴት እደርሳለሁ?

በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፣ ወደ 220 ኪሎ ሜትር። መንገዱ በትሪፖሊ በኩል ያልፋል፣ እስከ ስፓርታ ድረስም ጥሩ አውራ ጎዳና ነው፤ ክፍያ ጣቢያ ስላለበት ሳንቲም ያዙ። በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ከአቴንስ ኪፊሶስ መናኸሪያ ወደ ስፓርታ የሚሄደውን ክቴል የሚባለውን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ያዙ። ከስፓርታ ወደ ሚስትራስ የከተማ አውቶቡስ አለ፣ ግን በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለማይመላለስ ጠዋት ላይ ታክሲ ብትይዙ ይሻላል። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ብዙ አያስከፍልም፣ ሹፌሩንም በቀጥታ ወደ ላይኛው በር ውሰደኝ ማለት ትችላላችሁ።

አቴንስ አድራችሁ በቀን ደርሶ መልስ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ በመኪና ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። ስፓርታ ወይም ከፍርስራሹ ሥር ባለችው በአዲሲቱ የሚስትራስ መንደር አንድ ሌሊት እደሩ፤ በሩ ሲከፈት እዚያ መገኘት ማለት ትልልቆቹ የጉብኝት አውቶቡሶች ከመድረሳቸው በፊት ቤተ ክርስቲያኖቹን ብቻችሁን ማየት ማለት ነው።

ሁለት በር አለ ይባላል፤ በየትኛው ልግባ?

ከሁሉም በላይ ቀናችሁን የሚወስነው ይህ ነው።

ከተማዋ ሦስት ደረጃ አላት። አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል 621 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ምሽጉ አለ። ከሥሩ የላይኛው ከተማ፦ ቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንት ቤቶችና የቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ በታች ደግሞ የታችኛው ከተማ፦ ካቴድራሉ፣ ገዳማቱና የተራው ሰው ሰፈር። የላይኛው በር ከምሽጉ ሥር ሲሆን ዋናው በር ታች ነው። ሁለቱም መኪና ማቆሚያ አላቸው።

ብዙ ሰው በዋናው በር ገብቶ ሽቅብ ይወጣል። ቤተ መንግሥቱ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል፣ ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው፣ ምሽጉን ቀና ብሎ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ከላይ ጀምሩ። ጠዋት በላይኛው በር ገብታችሁ መጀመሪያ ምሽጉ ላይ ውጡ፤ ዳገቱ በቀስታ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚያ ላይ ሆናችሁ በአንድ በኩል የታይጌቶስን ገደል፣ በሌላ በኩል የወይራና የብርቱካን ማሳ የሞላውን የኤቭሮታስ ወንዝ ሸለቆ ስታዩ ጊዮም ለምን ይህን ቦታ እንደመረጠ ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል። ከዚያ በቅድስት ሶፍያ በኩል ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ከቤተ መንግሥቱ በሞኔምቫስያ በር አልፋችሁ ወደ ታችኛው ከተማ ውረዱ።

መኪና ላላቸው ሌላ ዘዴ አለ። የላይኛውን ክፍል ጨርሳችሁ ወደ መኪናችሁ ተመለሱ፣ በመኪና ወደ ታችኛው በር ውረዱና እንደገና ግቡ። በዚያው ቀን በዚያው ቲኬት ያስገባል፣ ስለዚህ ቲኬታችሁን አትጣሉ። ከእናንተ ጋር ጉልበታቸው የደከመ ወላጆች ካሉ በዚህ መንገድ ብቻ ነው የምትችሉት።

ስንት ሰዓት ይበቃል?

አራት ሰዓት ብትሰጡት ዋና ዋናውን ታያላችሁ። ሥዕል የምትወዱ ከሆነ ስድስት። በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያዞሩ ጉብኝቶች አሉ፤ እነሱ የሚያሳዩአችሁ ድንጋዩን ነው።

ጊዜ ካጠረኝ የትኛውን ቤተ ክርስቲያን ልይ?

እኔ ብትጠይቁኝ ፔሪብሌፕቶስን። ቦታው በታችኛው ከተማ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ስለሆነ ሰው ደክሞት ይዘለዋል፣ በጣም ያሳዝነኛል። ከፊሉ ከቋጥኙ ጋር ተያይዞ የተሠራ፣ ከውጭ ስታዩት ትንሽ የሚመስል ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ በ14ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተሣሉ ሥዕሎች ከጉልላቱ እስከ ግድግዳው ሞልተውታል። ልደቱ አለ፣ ጥምቀቱ አለ። ከመቅደሱ ጎን ደግሞ መላእክት ነጭ ለብሰው ንዋየ ቅድሳቱን ተሸክመው ተራ በተራ ሲያልፉ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ የቅዳሴን ትርጉም በቀለም ከዚያ በተሻለ የገለጸ አላየሁም። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቆማችሁ ጠብቁ። ስትገቡ ምንም የማይታይ ይመስላችኋል፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ሁለተኛው ሆዴጌትሪያ ነው፤ አፈንዲኮም ይሉታል። አበ ምኔት ጳኩሚስ በ1310 ገደማ ያሠራው፣ ከታች ባዚሊካ (በዓምድ ረድፍ የተከፈለ ረዥም አዳራሽ)፣ ከላይ ባለ አምስት ጉልላት የሆነ ሕንፃ ነው። በአንዱ የጎን ክፍል ንጉሠ ነገሥቱ ለገዳሙ የሰጣቸው የርስት ደብዳቤዎች ቃል በቃል ግድግዳው ላይ ተጽፈዋል፤ ብራና ይጠፋል፣ ግድግዳ አይጠፋም ብለው ይመስለኛል። በሌላው ክፍል የዴስፖት ቴዎድሮስ ቀዳማዊ መቃብር አለ። ከመሞቱ በፊት መንኩሶ ነበርና ሁለት ጊዜ ተሥሏል፦ አንዴ በዴስፖት ልብሱ፣ አንዴ በምንኩስና ቆቡ። ከፊቱ ቆማችሁ ሁለቱን አስተያዩ።

ካቴድራሉ ቅዱስ ዲሜጥሮስ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን አንድ ጳጳስ ሕንፃውን እንደ ሆዴጌትሪያ ባለ ጉልላት ለማድረግ የላይኛውን ክፍል ሲያፈርስና ሲቀይር፣ አሮጌዎቹ ሥዕሎች ከላይ ተቆርጠው ቀርተዋል። አናታቸው የሌለ ቅዱሳን ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ቤተ መዘክሩም ግቢው ውስጥ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ግቡ።

ጰንጣናሳን ከዚህ በታች ለብቻዋ አነሣታለሁ።

ሥዕሎቹን ለመረዳት የቢዛንታይን ታሪክ ማወቅ አለብኝ?

ቤተ ክርስቲያን ያደገ ኢትዮጵያዊ ከብዙው ቱሪስት ቀድሞ ይገባዋል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን በእጃቸው ይዞ ከሲኦል ሲያወጣ፣ እመቤታችን በአልጋ ላይ ተኝታ ሐዋርያት ሲከቧት፣ ሆሳዕና፣ የአልዓዛር መነሣት፤ እነዚህን ከልጅነታችን እናውቃቸዋለን። ጽሑፉ ግሪክኛ ቢሆንም ታሪኩን ለማንበብ አስጎብኚ አያስፈልጋችሁም። የአሣሣሉን ልዩነት ማስተዋል ግን ደስ ይላል። የእኛዎቹ ሠዓልያን ፊቱንና ዓይኑን ፊት ለፊት አድርገው ያጎላሉ፤ የሚስትራሶቹ ተራራውን፣ ሕንፃውን፣ የልብሱን እጥፋት፣ ብርሃንና ጥላውን ይጫወቱበታል።

የመጨረሻው የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት የነገሠው እዚህ ነው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ቆስጠንጢኖስ 11ኛ ፓሊዮሎጎስ። ወንድሙ ሲሞት እሱ የሚስትራስ ዴስፖት ነበርና ጥር 6 ቀን 1449 ንጉሠ ነገሥትነቱ የታወጀው በዚህችው ከተማ ነው። ዕለቱ የጥምቀት በዓል ነበር፤ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ጥር 11 ማለት ነው። ፓትርያርኩ በሌለበት ስለተፈጸመ እንደ ሙሉ ሥርዓተ ንግሥ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ። በካቴድራሉ ወለል ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር የተቀረጸበት እብነ በረድ አለ፤ የቆመው እዚያ ላይ ነው የሚለው ከአፍ አፍ የወረደ ትውፊት ነው። በአራት ዓመቱ፣ ግንቦት 29 ቀን 1453፣ ቁስጥንጥንያ ስትወድቅ ሲዋጋ ሞተ። ሐውልቱ በታች ባለችው መንደር አደባባይ ላይ ቆሟል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ቀጥተኛ ግንኙነት የለም፤ ግን አንድ የሚያስደስተኝ መገጣጠሚያ አለ። ጌሚስጦስ ፕሌቶን የሚባለው ፈላስፋ ከ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ኖሮ ያስተማረው ሚስትራስ ነው። እሱና ተማሪው ቤሳርዮን የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ በ1438 እና 1439 በፌራራና በፍሎረንስ በተደረገው ጉባኤ ላይ ከግሪኮቹ ልዑካን ጋር ነበሩ። ፕሌቶን እዚያ ስለ ጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ስለ ፕላቶን ያስተማረው ትምህርት የጣልያን ምሁራንን በጣም አነቃቅቷል። ግሪኮቹ በሄዱ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1441፣ ወደዚያው ጉባኤ ከኢየሩሳሌም ገዳማችን አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ደረሱ። ያኔ ንጉሣችን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ነበሩ። ከሚስትራስ የወጡትና ከእኛ ወገን የሆኑት በአንድ ጉባኤ፣ በአንድ ከተማ አልፈዋል።

ፕሌቶን በኋላ ወደ ጥንት የግሪክ አማልክት ያዘነበለ ጽሑፍ በመጻፉ መጽሐፉ በፓትርያርክ ጌናድዮስ ትእዛዝ ተቃጥሏል። መቃብሩን ሚስትራስ ውስጥ አትፈልጉ። ሲጂስሞንዶ ማላቴስታ የሚባል የጣልያን መስፍን ለጦርነት መጥቶ በነበረ ጊዜ አፅሙን ወደ ሪሚኒ ወስዶታል።

አሁንም የሚኖርበት ሰው አለ?

መነኮሳይት ብቻ። የጰንጣናሳ ገዳም፣ የሁሉ ንግሥት ማለት ነው፣ በ1428 የተሠራ ሲሆን እስካሁን በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። እማሆዮቹ አበባ ይተክላሉ፣ ድመት ያሳድጋሉ፣ የእጅ ጥልፍ ሠርተው ይሸጣሉ። ግዙላቸው። ቤተ ክርስቲያኑ የደወል ግንቡ ላይ የፈረንሳዮች የጎቲክ አሠራር ይታይበታል፤ ውስጡ ያሉት ሥዕሎች ቀለማቸው ከሌሎቹ ሁሉ ደማቅ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጣችሁ ሸለቆውን እያያችሁ ትንሽ እረፉ።

ምን ልልበስ? መጸለይስ ይቻላል?

ለገዳሙ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል፣ ለወንዱም ለሴቱም። ነጠላ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጭንቀት የለም፣ ለፀሐዩም ይሆናችኋል። ጫማ ላይ አትቀልዱ፦ ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ለስልሷል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያንሸራትታል፤ ሶሉ የሚይዝ ስኒከር እንጂ ሰንደል አይሆንም። ፎቶ ያለ ፍላሽ ይቻላል፤ ገዳሙ ውስጥ ግን መጀመሪያ እማሆዮቹን ጠይቁ፣ እነሱንም ሳያስፈቅዱ ማንሣት ነውር ነው።

ጧፍ ማብራትና ጸሎት ማድረስ በጰንጣናሳ ይቻላል፣ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። የግሪክ ቤተ ክርስቲያንና የእኛዋ ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን አንድ ስላልሆኑ ግን ቅዳሴ ቢያጋጥማችሁ ለቁርባን አትሰለፉ።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ሚያዝያና ግንቦት። ኮረብታው አረንጓዴ ነው፣ የዱር አበባ ይሞላዋል፣ የታይጌቶስ ጫፍ ላይ በረዶ ሊቀር ይችላል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምትም ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የስፓርታ ሜዳ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ የግድ ከሆነ ጠዋት በመክፈቻው ሰዓት ገብታችሁ ከቀትር በፊት ውጡ። በብርዱ ወራት ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት መጀመር እየተቻለ ቀን 7 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ አትግቡ።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ እንደ ሌሎቹ የግሪክ መንግሥት ቅርሶች መግቢያው በነፃ ነው። የቲኬቱ ዋጋ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት የግሪክ ባህል ሚኒስቴር የቲኬት ገጽ ላይ እዩት።

ልጆች ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ በጋሪ ግን አይሆንም። ደረጃና ጠባብ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ሕፃን ከሆነ አዝሉት። ከፍ ያሉት ልጆች ይወዱታል፣ ምሽጉ ላይ ግን እጃቸውን አትልቀቁ። ግንቡ ብዙ ቦታ ላይ መከለያ የለውም፣ ሥሩም ገደል ነው።

ምግብና ውሃስ?

ከበሩ ወደ ውስጥ ምግብ የሚሸጥ የለም። ውሃ በብዛት ያዙ። ስትወጡ መንደሩ ውስጥ ታቬርና የሚሏቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ «ኒስቲሲሞ» በሏቸው፣ የጾም ማለት ነው፤ የባቄላና የሽምብራ ወጥ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ በወይራ ዘይት የበሰለ አትክልት ያቀርቡላችኋል። ልብ በሉ፣ በእነሱ ጾም ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ይበላል፤ ካልፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ከምትኖሩበት አገር ሆናችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ጀርመን፣ ጣልያን፣ ስዊድን ወይም ሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ በእሱ ትገባላችሁ። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም።

ከሚስትራስ ቀጥሎ ወዴት ልሂድ?

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ሞኔምቫስያ። ከስፓርታ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ባሕር ውስጥ ካለ ትልቅ ቋጥኝ ጎን ላይ የተሠራች፣ ጊዮም ከሚስትራስ ጋር አብሮ ያስረከባት ከተማ ናት። እዚያ ሰው ይኖራል፣ ቤቶቹ ሆቴል ሆነዋል፣ ምሽት ላይ መብራት ይበራል። ሁለቱን በተከታታይ ማየት የቢዛንታይን መንገድና ቤት በሕይወት እያለ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል። በካላማታ በኩል የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ታይጌቶስን የሚያቋርጠው የላንጋዳ መንገድ አለ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እጅግ የሚያምር ግን ጠመዝማዛ። ተሳፋሪዎቻችሁ መኪና የሚያዞራቸው ከሆነ በመጣችሁበት ተመለሱ።